ይህ ቤት መቼ ተሠራ?
(የሌኮክ አቢን ግድግዳዎች እንዴት እንደምናነብ)

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን ላይ ያጋጠመንን አንድ ነገር በማስቀደም እንጀምር። ከመካከላችን አንዱ ስድስተኛ ክፍል ገብቶ ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች ሲያስተምር፣ የአንድ የእንግሊዝ ቤት ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጠፈና ከሥሩ «1232» ብሎ ጻፈ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ መስኮትም ያኔ ነው የተሠራው?» አለ። ጓደኛችን «አዎን» ብሎ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ።

መልሱ ስሕተት ነበር። ልጁ በጣቱ ያመለከተው መስኮት ከቤቱ መሠረት ስድስት መቶ ዓመት ያህል ያንሳል። ጥፋቱን በጓደኛችን ላይ ብቻ አንጥለውም። የትምህርቱን ዕቅድ ያወጣነው አብረን ነው፤ አንዲቱን ዓመተ ምሕረት ከመጽሐፍ ገልብጠን ያስቀመጥነውም አብረን ነው። ስለዚህ ተሰብስበን ቤቱን እንደገና ከመሠረቱ አጠናነው። የዛሬው ጽሑፋችን የዚያ ጥናት ውጤት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው

ቤቱ ሌኮክ አቢ ይባላል። የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዊልትሸር ክፍለ ሀገር፣ በኤቮን ወንዝ አጠገብ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 ከተቀመጡባት ከባዝ ከተማ ብዙም አይርቅም። «አቢ» ማለት በአንድ አለቃ ወይም በአንዲት እመ ምኔት የሚመራ ገዳም ማለት ነው። ዛሬ በሌኮክ አንድም መነኩሴ የለም፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ከስሙ ይጀምራል፤ ስም ከተሸካሚው ሥራ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ቤቱን አንድ ሰው አልሠራውም። ቢያንስ አምስት እጅ አርፎበታል። አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

አንደኛው እጅ፦ የገዳሙ ዘመን

ገዳሙን በ1232 የመሠረተችው የሶልዝበሪዋ ባላባት ኤላ ናት። ባሏ ዊልያም ሎንግስፔ በ1226 ሞቶባት ነበር። ቦታውን የሰጠችው የቅዱስ አውግስጢኖስን ሥርዓት ለሚከተሉ ሴት መነኮሳት ነው። ቆይታ ራሷም መነኮሰች፤ እመ ምኔት ሆናም ገዳሙን አስተዳደረች፤ በ1261 አረፈች።

የገዳሙ አሠራር በዘመኑ የተለመደው ነው። መካከሉ ባዶ ሜዳ ሲሆን፣ ሜዳውን በአራት ማዕዘን የሚከብብ ጣራ ያለው መተላለፊያ አለ። መነኮሳቱ ዝናብ ሳይመታቸው የሚመላለሱበት፣ የሚጸልዩበትና የሚያነቡበት ነው። በስተ ደቡብ በኩል ቤተ ክርስቲያኑ ከመተላለፊያው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ቆሞ ነበር። (ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን።) በስተ ምሥራቅ በኩል ንዋየ ቅድሳት የሚቀመጥበት ክፍል፣ የማኅበሩ መሰብሰቢያ ክፍልና የመሞቂያ ክፍል ተከታትለው ይገኛሉ። መሞቂያ ክፍል የተባለበት ምክንያት እሳት የሚነድበት ስለሆነ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ገዳም ውስጥ እሳት በየክፍሉ አይነድም ነበርና። የእንግሊዝን ክረምት ያሰበ ሰው ያ ክፍል ምን ያህል ይወደድ እንደነበር አይጠፋውም።

አሁን የምናየው ባለ ድንጋይ ቅስት መተላለፊያ ራሱ ከ1232 አይደለም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ውስጥ እንደገና የተሠራ ነው። ስለዚህ መነኮሳቱም ቢሆኑ የራሳቸውን ቤት እያፈረሱ ይሠሩ ነበር። ከአራቱ የመተላለፊያ ጎኖች ሦስቱ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ቅስቶቹ የሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ የድንጋይ ቅርጻ ቅርጽ ይታያል። ጠራቢዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን ድንጋዩ አይናገርም። የኤላ ስም ተጽፎ ሲቀር፣ ድንጋዩን ከካባ ያወጣው፣ የጫነው፣ የጠረበውና ከመሰላል ላይ የሰቀለው ሰው ስሙን አልተወልንም። ለግንባታው ገንዘብ የሆነውም ከገዳሙ መሬትና ከበግ ጠጉር የሚገኘው ገቢ ነው፤ ያ ደግሞ የገበሬና የእረኛ ጉልበት ነው።

በመሞቂያው ክፍል ውስጥ ዛሬ አንድ ትልቅ ድስት ይታያል። የተሠራው በ1500 በዛሬዋ ቤልጂየም ውስጥ ነው። እኛ በመጀመሪያ «እንግዲያው ክፍሉ ወጥ ቤት ነበር» ብለን ጽፈን ነበር፤ በኋላ ሰረዝነው። በድስቱ ላይ ያለው ዓመት ድስቱ የቀለጠበትን ዘመን እንጂ ክፍሉ ውስጥ የገባበትን አይነግረንም። ዕቃ ይንቀሳቀሳል። ግድግዳ ግን ባለበት ነው፤ ለምስክርነት ግድግዳ ይበልጣል።

ሁለተኛው እጅ፦ የገዛው ሰው

በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን፣ ከ1536 እስከ 1540 ባለው ጊዜ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 800 የሚጠጉ ገዳማትና የሃይማኖት ማኅበራት ተዘጉ። መሬታቸውና ንብረታቸው ለዘውዱ ሆነ። መጀመሪያ የተዘጉት ገቢያቸው ያነሰው ናቸው። ሌኮክ ገንዘብ ከፍሎ ለጥቂት ጊዜ ሰነበተ። በመጨረሻ በጥር 1539 እጁን ሰጠ። መነኮሳቱ ጡረታ ተቆርጦላቸው ተበተኑ። ሦስት መቶ ሰባት ዓመት የኖረ ማኅበር በዚህ አበቃ።

በ1540 ቦታውን ዊልያም ሻሪንግተን የተባለ የቤተ መንግሥት ሰው በ783 ፓውንድ ገዛው። ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰ። በዚያን ዘመን ከፈረሱ ገዳማት የጣራው እርሳስ ይቀልጣል፤ ድንጋዩም ለሌላ ግንባታ ይውላል።

ነገር ግን ሻሪንግተን ሁሉንም አላፈረሰም፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌሎች ገዳም የገዙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም አዳራሹን ወደ መኖሪያ ይለውጡ ነበር፤ ወይም ሁሉንም ደርምሰው አዲስ ይሠሩ ነበር። እሱ ግን መተላለፊያውንና በዙሪያው ያሉትን የምድር ቤት ክፍሎች እንዳሉ ተዋቸው፤ ኑሮውን ፎቁ ላይ አደረገ። ስለዚህ ቤቱ ከታች ገዳም፣ ከላይ የባላባት ቤት ሆነ። ዛሬም አንድ ሰው ደረጃውን ሲወጣ ከአንድ ዘመን ወደ ሌላው ዘመን ይሸጋገራል ማለት ይቻላል።

በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ላይ ስምንት ጎን ያለው ግንብ ጨመረ። ግንቡ ውስጥ ውድ ዕቃና ሰነድ የሚቀመጥበት ጽኑ ክፍል አለ፤ ከጣልያን አገር በተስፋፋው በሬኔሳንስ ሥልት የተቀረጸ የድንጋይ ጠረጴዛም አለበት። ከላይኛው ክፍል ደግሞ አገሩን ቁልቁል ማየት ይቻላል። መቼም ግንቡ የሰውየውን ጠባይ ይናገራል፤ መጠበቅ ይወዳል፣ መታየትም ይወዳል። ሻሪንግተን በብሪስቶል የሳንቲም መቅረጫ ቤት ሹም ነበር። በ1549 ሳንቲም እያጎደለና መዝገብ እያጭበረበረ ገንዘብ አጥፍቷል ተብሎ ታሰረ፤ ጥፋቱንም አመነ። ኋላ ምሕረት ተደረገለት፤ ንብረቱንም በገንዘብ አስመለሰ። በ1553 ሞተ። ልጅ ስላልነበረው ርስቱ ለወንድሙ ለሄንሪ አለፈ፤ የሄንሪ ልጅ ኦሊቭ ጆን ታልቦት የተባለ ሰው ስታገባ ደግሞ ወደ ታልቦት ቤተሰብ ገባ።

ሦስተኛው እጅ፦ አዲስ ተሠርቶ አሮጌ የሚመስለው

ይህኛው እጅ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ትልቅ ወጥመድ ነው። በ1754 እና በ1755 ጆን አይቮሪ ታልቦት በስተ ምዕራብ በኩል አዲስ አዳራሽ አሠራ። ንድፉን ያወጣለት ሳንደርሰን ሚለር ነው። አዳራሹ የተሠራው በጎቲክ ሥልት ነው፤ ማለትም ጫፉ ሾጠጥ ባለ ቅስትና በድሮው ዘመን ጌጥ። ግድግዳው ላይ በየጉድጓዱ የሸክላ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ጣራው ላይ የባለቤቱ ወዳጆች የቤተሰብ አርማ ተሥሏል።

የአዳራሹን ሥዕል መጀመሪያ ስናይ ሁላችንም «የመነኮሳቱ ነው» አልን። ሾጣጣ ቅስት ያየ ሁሉ መካከለኛውን ዘመን ያስባል። ታዲያ አዳራሹ ገዳሙ ከተዘጋ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ ድሮን በናፈቀ ሰው የተሠራ ነው። እውነተኛው የመካከለኛ ዘመን ሥራ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ምድር ቤት አለ። አስመሳዩና እውነተኛው ጎረቤት ናቸው። ከዚህ የምንማረው፣ ሥልት ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ እንደማይሆን ነው። ሽማግሌ የሚመስል ሁሉ ሽማግሌ አይደለም።

አራተኛው እጅ፦ ልጁ ያመለከተው መስኮት

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ደረስን። ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1800 ተወለደ። በ1827 ሌኮክ ገብቶ መኖር ጀመረ፤ እስከ 1830 ድረስም የደቡቡን ረጅም ክፍል አሳደሰ። በዚህ ጊዜ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ብለው የተሠሩ ሦስት መስኮቶች አስከፈተ። ልጁ የጠየቀው ከእነዚህ ስለ አንዱ ነው።

ታልቦት የሒሳብና የሳይንስ ሰው ነበር፤ ሥዕል መሣል ግን አይሆንለትም። በ1833 ጣልያን አገር ኮሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ በመሣያ መሣሪያ እየታገዘ አገሩን ሊሥል ሞከረ፤ አልሳካ አለው። ያኔ «ብርሃኑ ራሱ ምስሉን ወረቀት ላይ ቢያስቀር ምን አለ?» የሚል ሐሳብ መጣለት። ወደ ቤቱ ተመልሶ ሙከራ ጀመረ። ወረቀቱን በገበታ ጨው ውሃ ይነክራል፤ ከደረቀ በኋላ ሲልቨር ናይትሬት የተባለውን የብር ውሕድ ይቀባዋል። እንዲህ የተዘጋጀ ወረቀት ብርሃን ሲነካው ይጠቁራል። ወረቀቱን ትንንሽ የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ አድርጎ በየቦታው ያስቀምጥ ነበር። ሚስቱ ኮንስታንስ ሣጥኖቹን «የአይጥ ወጥመድ» ትላቸው ነበር ይባላል።

በነሐሴ 1835 ከመስኮቶቹ የአንዱን ምስል ከውስጥ በኩል አነሣ። የፖስታ ቴምብር የምታህል ወረቀት ናት። ብርሃን የገባበት መስታወት ጠቁሮ፣ በመካከሉ ያሉት ዘንጎች ነጥተው ይታያሉ፤ ኔጋቲቭ የምንለው ይህንኑ ነው። ታልቦት ራሱ ከጎኑ በጻፈው ማስታወሻ፣ ምስሉ እንደ ተነሣ 200 ያህሉን የመስታወት ቁራጮች በማጉያ መነጽር መቁጠር ይቻል እንደነበር ገልጿል። በካሜራ ከተነሡትና እስከ ዛሬ ከተረፉት ኔጋቲቮች ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነው። ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ፎቶግራፍ የማተም ዘዴ ከዚህ ሙከራ አድጎ ነው ዓለምን ያዳረሰው። የእኛም አባቶች በየፎቶ ቤቱ ቆመው የተነሡት በዚሁ ዘዴ ነው።

አሁን በልባችን የያዝናትን ነጥብ እናንሣ። ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ የነበረው በስተ ደቡብ ነው ብለን ነበር። ሻሪንግተን ሲያፈርሰው የሰሜን ግድግዳውን አስቀረ፤ ያ ግድግዳ የመኖሪያ ቤቱ የደቡብ ግድግዳ ሆነ። ታልቦት መስኮቶቹን የከፈተው በዚሁ በደቡብ በኩል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ በኩል የፀሐይ ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ሊኖር ባልቻለ ነበር። ብርሃኑ የገባው የጠፋው ሕንፃ በተወው ባዶ ቦታ በኩል ነው።

አምስተኛው እጅ፦ የጠበቁት

አራቱ እጆች ጨማሪዎችና አፍራሾች ነበሩ። አምስተኛው እጅ ግን የሚጠብቅ ነው። የፎክስ ታልቦት ልጅ ቻርልስ ሄንሪ ታልቦት የሕንፃውን ታሪክ ሲመረምር ኖረ፤ ተሸፍነው የነበሩ የገዳሙ ክፍሎችም እንዲገለጡ ጣረ። ከእሱ በ1916 የወረሰችው የእኅቱ ልጅ ማቲልዳ ታልቦት ናት። በ1944 ቤቱንና የሌኮክን መንደር ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ሰጠች። መጠበቅም ለውጥ ነው፤ የግል ቤት የነበረው የሕዝብ መጎብኛ ሆነ። በግቢው መግቢያ ላይ ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ የሚያስረዳ ሙዚየም አለ።

ክርክራችን

ይህን ሁሉ ካጠናን በኋላ ለሁለት ተከፈልን። ገሚሶቻችን «ሻሪንግተን ሌባና አፍራሽ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «መተላለፊያውን እንዳለ ባይተወው ኖሮ ዛሬ ምን ይታይ ነበር? አዳነው እንጂ» ብለን ሞገትን። አንድ ምሽት ሙሉ ተከራከርን፤ የመኝታ ደወል ተደውሎም አላቆምን።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። መተላለፊያውን የተወው ለቅርስ አስቦ ሳይሆን ይጠቅመኛል ብሎ ይሆናል፤ ቢሆንም ቆሟል። ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሷል፤ ኋላ ከመስኮቱ ያን የመሰለ ነገር ስለተገኘ መፍረሱ መልካም ነበር ማለት አይቻልም። ከቤታቸው የወጡት መነኮሳት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ስለሚነሣ ፎቶግራፍ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በኋላ የመጣ ጥቅም የቀድሞውን ጉዳት አያክሰውም። ታሪክ አስተማሪ ሁለቱንም ለልጆቹ ማስቀመጥ አለበት፤ ሚዛኑን እነሱ ይያዙ።

ወደ ክፍል ስንገባ

ማንኛውንም ያረጀ ሕንፃ ስናስተምር፣ «መቼ ተሠራ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ በአራት እንድንከፍለው እንመክራለን።

1ኛ. ምን ይታያል? ከመተርጎም በፊት መቁጠር ይቅደም፤ ስንት በር፣ ስንት ዓይነት ድንጋይ፣ ስንት ዓይነት መስኮት።

2ኛ. የቱ ይቀድማል? መስኮት የተከፈተበት ግድግዳ ከመስኮቱ ይቀድማል። የተደፈነ በር ካለ፣ በሩ ከድፍኑ ይቀድማል። ይህን ስድስተኛ ክፍል ቀርቶ ሦስተኛ ክፍል ይረዳዋል።

3ኛ. ምን ጠፋ? የተረፈው ብቻ ምስክር አይደለም። የሌኮክን ደቡብ ግድግዳ ያየ ሰው፣ የጠፋውን ቤተ ክርስቲያን ካላወቀ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

4ኛ. ማን አዘዘ? ማንስ ሠራ? የመጀመሪያው ስም በመጽሐፍ ይገኛል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ቢሆንም ጥያቄው መጠየቅ አለበት።

ለዚህ ትምህርት ውድ መርጃ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጆቹን ይዞ ወደ ትምህርት ቤታቸው አሮጌ ክፍል መሄድ ይበቃል። ቀለሙ የተለየበት ቦታ፣ አዲስ የተለሰነ ስንጥቅ፣ የተደፈነ መስኮት አይጠፋም። በሲሚንቶ የተለሰነው የቱ እንደሆነ፣ ጭቃው የቱ እንደሆነ ራሳቸው ይነግሩናል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ) የሌኮክ አዳራሽ ጎቲክ ሆኖ ሳለ ለምን የመካከለኛው ዘመን ሥራ አይባልም?
ለ) የቤቱ የደቡብ ግድግዳ ቀድሞ የምን ግድግዳ ነበር? በምን ምክንያት አገልግሎቱ ተለወጠ?
ሐ) «ሻሪንግተን አዳኝ ነው ወይስ አፍራሽ?» በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ፤ ከዚያ ወገን ተለዋውጣችሁ እንደገና ተከራከሩ።

በመጨረሻም የጀመርነውን እንጨርስ። ጓደኛችን በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ክፍል ተመለሰ። «1232»ን ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ከጎኑ 1540ን፣ 1754ን፣ 1827ን አከለ። ከዚያ ያንን ልጅ አስነሥቶ፣ «ባለፈው የሰጠሁህ መልስ ልክ አልነበረም፤ መስኮቱ የመጣው በመጨረሻው ጊዜ ነው» አለው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አስተማሪ ተሳስቻለሁ ሲል መስማት ለልጆቹ አዲስ ነገር ነበር። ልጁ ግን አልተቀመጠም። «እሺ ቲቸር፣ መስኮቱ ሳይኖር በፊት እዚያ ጋ ምን ነበር?» ሲል ጠየቀ።

እኛ አንድ ምሽት የተከራከርንበትን፣ እሱ በአንድ ጥያቄ ደረሰበት። በጉዳዩ ላይ ሐሳብ ወይም እርማት ያላችሁ ሠልጣኞችና መምህራን፣ ጽፋችሁ ከዚሁ ጋዜጣ ሥር ብትለጥፉልን በደስታ እንቀበላለን።